ምሳ የበላንበት ውሃ

ጀልባችን በዚያ ቀን ሦስት ጊዜ ተገለበጠች። ሦስቱንም ጊዜ ስድስታችንም ውሃ ውስጥ ገባን፤ ስድስታችንም ወጣን። አንድ ጫማ ጠፋ። አንድ የእግር ጥፍር ተነቀለ። ብዙ ውሃ ተጠጣ። ከዚያ ውጪ ሁላችንም ደህና ነበርን። ቢያንስ ለአምስት ሳምንት ያህል ደህና መስሎን ነበር።

ከዚያ ኢንጂነሩን አተኮሰው።

የምጽፈው በዋናነት የእሱን ጉዳይ ነው፤ በመጠኑም የእኔን። ከመጻፌ በፊት ሁሉንም ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ኢንጂነሩ «ጥፋቴን የምትጽፍ ከሆነ አድበስብሰህ እንዳታልፈው፤ በደንብ ጻፈው» ብሎኛል። ስም አልጠራም። በሥራቸው ነው የምጠራቸው።

ስድስት ነን። ኢንጂነሩ፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ፣ መምህሩና እኔ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ እንተዋወቃለን። አምስተኛዋ የመምህሩ ባለቤት ናት። ስድስተኛው የኢንጂነሩ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ውሃ ካየ አይመለስም። ሒሳብ ሠራተኛዋ ደግሞ ጭራሽ ዋና አትችልም። ነገር ግን ጉዞውን ያቀደችው፣ ገንዘቡን የሰበሰበችው፣ ትኬቱን የቆረጠችው እሷ ናት። «አንቺ ምን ልትሆኚ ነው?» ስንላት፣ «ላይፍ ጃኬት አለ አይደል? እሱ ይዋኝልኝ» አለች።

መድረሻችን ጂንጃ ነበረች። ነጭ አባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ወጥቶ ጉዞውን የሚጀምርባት የኡጋንዳ ከተማ ናት። እንግሊዛዊው አሳሽ ጆን ስፒክ እ.ኤ.አ. በ1862 እዚያ ቆሞ የአባይን ምንጭ አገኘሁ ብሏል። ጥቁር አባይን እያወቀ ላደገ ሰው ይህ አባባል ትንሽ ይከነክናል። መምህሩ መታሰቢያው አጠገብ ቆሞ ግማሽ ሰዓት አስተምሮናል። አልጠየቅነውም ነበር።

ወንዙ ዛሬ ስፒክ ያየው ወንዝ አይደለም። ያኔ የነበረው የሪፖን ፏፏቴ እ.ኤ.አ. በ1954 በተመረቀው የኦወን ፏፏቴ ግድብ ምክንያት ተውጧል። በ2012 ደግሞ 250 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የቡጃጋሊ ግድብ ተመረቀ። በ2019 ወረድ ብሎ 183 ሜጋ ዋት ያለው ኢሲምባ ተጨመረ። ቀዛፊዎች በየስማቸው የሚያውቋቸው ብዙ ሞገደኛ ቦታዎች ከግድብ ሐይቅ ሥር ቀሩ። አሁን የጎማ ጀልባ የሚቀዘፈው በቡጃጋሊና በኢሲምባ ግድቦች መካከል በተረፈው የወንዝ ክፍል ነው። እዚያ ወንዙ ይጮኻል፣ ከዚያ ይተኛል፤ እንደገና ይጮኻል፣ እንደገና ይተኛል። እኛ የፈራነው የሚጮኸውን ነበር።

ወንዙ ላይ

የጠዋቱ ገለጻ አርባ ደቂቃ ያህል ወሰደ። ጥሩ ገለጻ ነበር፤ አላማውም። ሄልሜቱን አጥብቁ። የመቅዘፊያውን እጀታ ጫፍ አትልቀቁ፤ ከለቀቃችሁ የጎረቤታችሁን ጥርስ ያወልቃል። ከወደቃችሁ በጀርባችሁ ተኙ፤ እግራችሁ ወደ ወንዙ መውረጃ ይሁን፤ የእግር ጣታችሁ ከውሃው በላይ ይታይ። በፈጣን ውሃ ውስጥ ለመቆም እንዳትሞክሩ። እግር ድንጋይ መሃል ከተቀረቀረ ውሃው ሰውየውን አጥፎ ያስቀረዋል። ጀልባው ሥር ከገባችሁ እጃችሁን ወደ ላይ አድርጉና ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እየገፋችሁ ውጡ። ወዲያና ወዲህ አትበሉ።

ከዚያ ጥያቄ ተፈቀደ። የመምህሩ ባለቤት ስለ አዞ ጠየቀች። ሁሉም ሳቀ፤ መሪያችንም «አዞ እንደ እናንተ ሞገድ አይወድም» አላት። ኢንጂነሩ ከውሃ ስለሚይዘው የትል በሽታ፣ ስለ ቢልሃርዝያ ጠየቀ። መሪው «የሚፈስ ውሃ ውስጥ ችግር የለም» አለና ወደ ጀልባ ምደባው አለፈ። ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ላይ ሃያ ሰከንድ አልፈጁም።

ሞገደኛ ውሃ ከ1 እስከ 6 በደረጃ ይመደባል። 1 ሕፃን ሊንቦጫረቅበት የሚችል ነው። 5 በጥሩ መሪ የሚደፈር ነው። 6 ቱሪስት የማይወርድበት ነው። እኛ ከወረድናቸው አንዱ ላይ ጀልባዋ ሁለተኛዋን ግልበጣ ተገለበጠች። እሷን ልንገራችሁ፤ ሌሎቹ የእሷ ቅጂ ናቸው።

ውሃ ትልቅ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ሲወድቅ፣ ከድንጋዩ ሥር ወደ ኋላው ይጠቀለላል። ወደ መጣበት የሚመለስ ውሃ ነው። የገባበትን ቶሎ አይለቅም። ጀልባችን አፍንጫዋን እዚያ ውስጥ ከተተች። መሪው «ተጎንበሱ!» ሲል ሰማሁ። ከዚያ ሰማዩ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደ። ውሃው ሙቅ ነው፤ የመጀመሪያ ትዝታዬ ይሄ ነው። ጨለማ፣ ግን ሙቅ። ጃኬቱ ወደ ላይ ይጎትተኛል፤ ውሃው እንደ ልብስ ያሽከረክረኛል። ጭንቅላቴ የጀልባውን ሆድ መታ። እጄን ዘርግቼ ወደ አንድ ጎን ገፋሁ። ስወጣ ያየሁት ነገር ሒሳብ ሠራተኛዋ ነች። በጀርባዋ ተኝታ፣ የእግር ጣቶቿን እንደታዘዘችው ከውሃ በላይ አውጥታ፣ እንደ ንግሥት እየተንሳፈፈች አለፈች። በካያክ የሚከተለን አዳኝ ልጅ ደርሶ ያዛት። ከስድስታችን ትእዛዙን አሟልታ የፈጸመችው እሷ ብቻ ናት። ሌሎቻችን፣ ዋና እንችላለን የምንለው ማለት ነው፣ እየተንፈራገጥን ነበር።

ኢታንዳ የሚባለው ፏፏቴ ደረጃ 6 ነው። ከጀልባ ወርደን በእግር ዞርነው። አለት ላይ ቆመን ቁልቁል አየነው። ማንም አላወራም። በኋላ ሒሳብ ሠራተኛዋ «ጠዋት የወረድነው የዚህን ግማሽ ይሆናል?» ብላ ጠየቀች። መሪው «ሩቡንም አይሆን» አላት።

ምሳ ከዚህ በኋላ ነበር።

ቦታው ወንዙ ወደ ጎን ገባ ብሎ የሚያርፍበት ዳርቻ ነው። ቄጠማ በቅሏል። ከላይ መንደር አለ። ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ልጆች ቢጫ ጀሪካን ይሞላሉ፤ ሞልተው ሲያበቁ ውሃው ውስጥ ይዘላሉ። ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ተኩል አካባቢ፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ምሳው እስኪዘጋጅ «ነፃ ናችሁ፤ ተዝናኑ» ተባልን።

ገባን እንጂ። ጃኬት አውልቀን፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ፍርሃት። ታናሹ ከልጆቹ ጋር ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየ። ምሳውን እንኳ የበላው ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነው። ኢንጂነሩ አርባ ደቂቃ ያህል ቆየ። እኔ ግማሽ ሰዓት። የመምህሩ ባለቤት ገብታ ወዲያው ወጣች፤ ጭቃው ቀፈፋት። መምህሩ ዛፍ ሥር ተኛ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጫማችንን ጠበቀች፤ ፎቶም አነሳችን።

አራት ፍሬ ኪኒን

ማታ ማረፊያችን ስንደርስ እግሬና ሆዴ አካባቢ ያሳክከኝ ጀመር። ትናንሽ ቀይ ነጠብጣቦች ወጥተዋል። ትንኝ ነው አልኩ። ኢንጂነሩም ወጥቶበታል። በማግስቱ ሁለታችንም ረሳነው።

እዚህ ላይ ኢንጂነሩን በወጉ ላስተዋውቅ። ሳያነብ ምንም ነገር የማይነካ ሰው ነው። ማጠቢያ ማሽን ሲገዛ መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር ያነባል። ከጉዞው በፊት ስለ ቢልሃርዝያ አንብቧል። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል እንደሚባል አውቆ አራት ፍሬ ገዝቶ ይዞ መጥቷል። የመሪው መልስ አላሳመነውም። ስለዚህ ያን ማታ ሁለቱን ዋጠ፤ ሁለቱን ለወንድሙ ሰጠ። ለእኔ ነገ ከፋርማሲ እንገዛልሃለን አለኝ። እኔ ጨጓራዬን ፈርቼ ተውኩት።

«በኋላ እንዳታለቅስ» አለኝ።

ተመለስን። ፎቶ ተለዋወጥን። ሥራ ገባን።

በ33ኛው ቀን ኢንጂነሩን ቢሮ ተቀምጦ ሳለ ብርድ ብርድ አለው። ማታ ትኩሳቱ 39 ገባ። ራስ ምታት፣ ደረቅ ሳል፣ ሆድ ቁርጠት፣ አንሶላ የሚያርስ ላብ ተከተለ። ጠዋት ይሻለዋል፤ ማታ ይመለስበታል።

ክሊኒክ ሄደ። ከኡጋንዳ መመለሱን ተናገረ። ወባ ተመረመረ፤ የለም ተባለ። ይህ ትክክለኛ እርምጃ ነበር። ከዚያ አካባቢ ተመልሶ ያተኮሰው ሰው ከሁሉ በፊት ወባ መመርመር አለበት፤ ወባ ጊዜ አይሰጥም። ቀጥሎ የተባለውን ግን ሳልነግራችሁም ትገምታላችሁ። ታይፎይድ። የሰባት ቀን መድኃኒት ተሰጠው። ጨረሰ፤ ትኩሳቱ አልጨረሰም። መድኃኒቱ ተቀየረለት፤ ትኩሳቱ ግን ያው ነው።

በዚህ መሃል ደወልኩለት።

«አንተ፣ እኔንም ሳል ይዞኛል። ጀርባዬ ላይ ደግሞ እያበጠ ያሳክከኛል። ያ ውሃ ይሆን እንዴ?»

«አይደለም።»

«እንዴት አወቅህ?»

«እኔ ኪኒኑን ወስጄ በጣም ታምሜያለሁ። አንተ ሳትወስድ ትንሽ ብቻ ነው ያመመህ። ቢልሃርዝያ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይሆን ነበር። ወንድሜም እንደ እኔ ወስዷል፤ ይኸው ፈረስ መስሏል።»

እውነት ለመናገር ክርክሩ አሳመነኝ። ቀዳዳው የት እንዳለ አልታየኝም። በዚህ ክርክር ሁለት ሳምንት አለፈ። የኢንጂነሩ ሱሪ በቀበቶ ካልሆነ አልቆም አለ።

የቀትሩ ፎቶ

በ47ኛው ቀን ሒሳብ ሠራተኛዋ ወደ ሌላ ሐኪም ጎትታ ወሰደችው። እኔም አብሬ ሄድኩ። ጠና ያሉ የውስጥ ደዌ ሐኪም ናቸው። የያዝነውን የወረቀት ክምር አንድ በአንድ አገላብጠው አንዱ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ከመጀመሪያው ክሊኒክ የተሰጠ ተራ የደም ቆጠራ ነው። ከነጭ የደም ሴሎቹ ውስጥ ኢኦሲኖፊል የሚባሉት 34 ከመቶ ደርሰዋል። በጤናማ ሰው ከ5 ወይም ከ6 ከመቶ አያልፉም።

«ይሄ እኮ ሁለት ሳምንት ሙሉ እዚህ ወረቀት ላይ ነበር» አሉ። የተቆጡ አይመስሉም። የለመዱት ይመስላሉ።

ታይፎይድ ኢኦሲኖፊልን ከፍ አያደርግም፤ እንዲያውም ያሳንሰዋል። ከፍ የሚያደርጉት በብዛት አለርጂና ሰውነት ውስጥ የሚጓዙ ትሎች ናቸው።

«ልጆቼ፣ የት ከርማችሁ ነው?»

ነገርናቸው። ሦስቱን ግልበጣ በእጃችን ጭምር እያሳየን ነገርናቸው። ታግሠው ሰሙን። ስናበቃ የጠየቁት ስለ ሞገዱ አልነበረም። «ያረፋችሁት የት ነው?» አሉ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ ስልኳን አወጣች። ሦስት ወንዶች አንገታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው ጥርሳቸው ብቻ ይታያል። ከኋላቸው ቄጠማ። በጎን ልብስ የምታጥብ ሴትና ጀሪካን። የተነሳበት ሰዓት ከቀኑ 6፡47። ሐኪሟ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩትና ሳቃቸው መጣ። «እኔ ለተማሪ ሳስተምር በሥዕል የማሳየውን እኮ ነው ፎቶ የተነሳችሁት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢልሃርዝያ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ትሉን ካይሮ ውስጥ ካገኘው ጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። ትሉ ሁለት ቤት አለው፤ ሰውና ቀንድ አውጣ። ትሉ ያለበት ሰው ሰገራ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንቁላሉ ይፈለፈላል። ከእንቁላሉ የወጣው እጭ (ገና ያላደገው ትል) ቀንድ አውጣ ፈልጎ ይገባል። እዚያ ይባዛል። ከሳምንታት በኋላ ከአንድ ቀንድ አውጣ በሺዎች እየሆነ ውሃው ውስጥ ይለቀቃል። በዓይን አይታይም። የሰው ቆዳ ካገኘ በደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ይገባል። ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ ቁስልም አያስፈልግም። ሰው ካላገኘ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ይሞታል።

ቀንድ አውጣው የሚወደው ሣር ያለበትን፣ ዝግ ያለውን ውሃ ነው። እጩ በብዛት የሚለቀቀው ብርሃኑና ሙቀቱ ሲበረታ፣ ቀትር ላይ ነው። ስለዚህ መሪያችን ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። ቀንድ አውጣ ሞገድ ላይ ቤት አይሠራም። እርግጥ እጩን ወራጁ ሊወስደው ይችላል፤ ስለዚህ ፈጣኑ ውሃ አደጋው ያንሳል እንጂ ነፃ አይደለም። ምሳ የበላነው ግን ፈጣኑ ውሃ ላይ አልነበረም።

የዚያን ማታው ማሳከክም ትንኝ ላይሆን ይችላል። እጩ ቆዳ ሲበሳ እንዲህ ያለ ሽፍታ ያወጣል። ከሳምንታት በኋላ የሚመጣው ትኩሳት ደግሞ፣ ትሎቹ አድገው እንቁላል መጣል ሲጀምሩ የሰውነት ቁጣ ነው። ካታያማ ትኩሳት ይባላል፤ ጃፓን ውስጥ ባለ አካባቢ ስም ነው የተሰየመው። ወንዙ ዳር ተወልደው ባደጉ ሰዎች ላይ ብዙም አይታይም። ለመጀመሪያ ጊዜ በተያዘ እንግዳ ላይ ነው የሚጠናው።

ኢንጂነሩ ግን አሁንም አልተዋጠለትም።

«ዶክተር፣ እኔ እኮ መድኃኒቱን የዚያኑ ቀን ወስጃለሁ።»

«ስንት ፍሬ?»

«ሁለት።»

«ክብደትህ?»

«ያኔ 78።»

ወረቀት ላይ አባዙ። ለዚህ ዓይነቱ ትል በኪሎ 40 ሚሊግራም ይታሰባል፤ 3,120 ሚሊግራም ይመጣል። አንዱ ፍሬ 600 ነው። አምስት ያህል ያስፈልገው ነበር። «አምስትም ብትውጥ ግን ብዙ ለውጥ አልነበረውም» አሉት።

ፕራዚኳንቴል የሚገድለው ያደጉትን ትሎች ነው። ገና ቆዳ በስተው በደም ሥር የሚጓዙትን ጎረምሶች እምብዛም አይነካቸውም። መድኃኒቱ በሰዓታት ውስጥ ከሰውነት ይወጣል። ትሎቹ ለአቅመ አዳምና ሔዋን ሲደርሱ (ወንዱና ሴቷ በእርግጥም ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚኖሩት) እሱ ከሄደ ሳምንታት አልፈዋል። ለዚህ ነው ከመጨረሻው የውሃ ንክኪ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት የሚጠበቀው። ምልክት ላለበት ደግሞ ሐኪም ነው ጊዜውን የሚወስነው።

እንግዲህ የኢንጂነሩ ክርክር ቀዳዳ እዚህ ጋ ነበር። ኪኒኑ ከትሉ አልጠበቀውም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከምርመራ ጠበቀው።

ይህ የእሱ ብቻ ጥፋት አለመሆኑን በኋላ ሳነብ አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ2007 በዚያው ኡጋንዳ ውስጥ ባለው የላይኛው አባይ ላይ የተዝናኑ 69 ሰዎች ተመርምረው ነበር። በ12ቱ ላይ፣ ማለትም በ17 ከመቶው ላይ፣ የቢልሃርዝያ ምልክት ተገኝቷል። ጥናቱ በ2010 የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል በሚያወጣው መጽሔት ታትሟል። ከሰዎቹ 18 ከመቶው ከውሃው እንደወጡ በራሳቸው ፕራዚኳንቴል ወስደው ነበር። ጥናቱ ይህን ትክክል አይደለም ይላል። ለኢንጂነሩ ላክሁለት። «ስሜን አልጻፉትም እንጂ እኔ ነኝ» ብሎ መለሰልኝ።

ስድስቱ ሲመረመሩ

የመጀመሪያው የሰገራ ምርመራው ምንም አላሳየም። እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው። ትኩሳቱ ሲጀምር እንቁላሉ ገና አይወጣ ይሆናል፤ ከወጣም ጥቂት ስለሆነ አንድ ናሙና ላያሳየው ይችላል። «የለም» የሚል ወረቀት ይዞ የሚመለስ ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ሐኪሟ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ድገም አሉት። ሲደግም ታየ። እንቁላሉ በጎኑ እሾህ ያለው ነው፤ የላብራቶሪው ባለሙያ በማይክሮስኮፕ አሳየው። ኢንጂነሩ ፎቶ አነሳው። አሁን ቡድናችን ውስጥ ከሞገዱ ፎቶዎች ጋር ተቀምጧል።

ሌሎቻችን የደም ምርመራ አደረግን። ሰውነት ከትሉ ጋር መጋጠሙን የሚያሳይ ምርመራ ነው። ናሙናው ተልኮ መልሱ እስኪመጣ ቆየ። እኔ ተገኘብኝ። መምህሩ፣ ባለቤቱና ሒሳብ ሠራተኛዋ ነፃ ሆኑ። ታናሹ፣ ያ ፈረስ መስሏል የተባለው፣ ተገኘበት። አንድም ቀን አላሳለውም፤ አንድም ቀን አላተኮሰውም።

ምርመራው እስኪመጣ በተመላለስንበት በአንዱ ቀን ሐኪሟ «እንዶድን ታውቃላችሁ?» አሉን። አያቶቻችን ልብስ ያጠቡበት የነበረው እንዶድ። እ.ኤ.አ. በ1964 ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥር ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውን፣ ከዚያ ተነስተው ፍሬው ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ማሳየታቸውን ነገሩን። ለዚህ ሥራ በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸልመዋል። ታናሹ ወዲያው ፎቶውን አወጣና ሴትዮዋን አጎላት። «በዱቄት ሳሙና ነው» አለ በሐዘን።

ሕክምናው አጭር ነው። ኢንጂነሩ መጀመሪያ ቁጣውን የሚያበርድ ስቴሮይድ ተሰጠው፤ በሦስት ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው። ከዚያ ፕራዚኳንቴል፣ በትክክለኛው መጠን፣ በትክክለኛው ጊዜ፣ ምግብ ተበልቶ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ተደገመለት። ለእኔና ለታናሹም ተሰጠን። ኪኒኑ ትልቅ ነው፤ ምላስ ላይ ከዘገየ ደግሞ ምሬቱ እስከ ማታ አይለቅም። ትንሽ አዞረኝ። ጨጓራዬ የፈራሁትን ያህል አልጮኸም።

ታናሹ «ካላመመኝ ለምን እውጣለሁ?» ብሎ ነበር። መልሱ ጥሩ ስለሆነ ላስቀምጠው። ይህ ትል ሰው ውስጥ አይባዛም፤ የገቡት ያህል ናቸው ያሉት። ግን ለዓመታት ይኖራሉ፤ አንዳንዴም ለአሥርት ዓመታት። በየቀኑ እንቁላል ይጥላሉ። ጉዳቱን የሚያመጣው ትሉ ሳይሆን ጉበትና አንጀት ውስጥ የሚቀረው እንቁላል ነው። አልፎ አልፎ እንቁላሉ ወደ አከርካሪ ሄዶ እግር ያሽባል። ታናሹ ይህን ሰምቶ ውሃ ጠየቀ።

ከዚያ በኋላ ግን ዝም አለ። ቆይቶ «እነዚያ ልጆችስ?» አለ። ኡጋንዳ ከ2003 ጀምሮ ይህንኑ መድኃኒት በየአካባቢው በዘመቻ ታድላለች። ልጆቹ ግን በነጋታው ያው ውሃ ውስጥ ናቸው፤ ጀሪካኑ የሚሞላው ከዚያ ነው። እኛ ለምሳ ብቻ ነው የቆየነው።

እንግዲህ ከስድስት ሰው ምን ያህል ማወቅ ይቻላል? ምሳ ሰዓት ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ውሃው ውስጥ የቆየን ሦስታችን ተያዝን። ወዲያው የወጣችውና ያልገቡት ሁለቱ ነፃ ናቸው። በሞገዱ ግን ስድስታችንም እኩል ተጠምቀናል፤ ሒሳብ ሠራተኛዋ እንዲያውም ከሁላችን የበለጠ ጠጥታለች። ነገሩ ወደዚያ ዳርቻ ይጠቁማል። ስድስት ሰው ግን ስድስት ሰው ነው። ጠዋት ጀልባ ስንገፋ፣ ማታ ስንወጣም ዳር ዳሩን ረግጠናል። ኢንጂነሩ በሠንጠረዥ ሠርቶ ሊያረጋግጥልኝ ሞክሮ ነበር፤ ይህን ሰውዬ መድኃኒት አይፈውሰውም።

ድጋሚ ብሄድ የምቀይረው ጥቂት ነው። ሞገዱን አልተውም። ምሳዬን ግን ከውሃው ርቄ እበላለሁ። ቄጠማ ያለበት ዳር ስንደርስ ጀልባ ላይ እቆያለሁ። መግባቴ ካልቀረ ወዲያው ሰውነቴን በፎጣ አሻለሁ፤ ይህ ብቻውን አያስተማምንም፣ ግን አይጎዳም። ኪኒኑን ቤቴ እተወዋለሁ። በምትኩ የተመለስኩበትን ቀን እጽፍና ከሁለት ወር በኋላ እመረመራለሁ። ከዚያ በፊት ካተኮሰኝ ለሐኪሙ የምናገረው የመጀመሪያ ቃል «ውሃ» ይሆናል። ኢንጂነሩ መጀመሪያ ክሊኒክ ኡጋንዳ ብሏል፤ ወንዝ አላለም። ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም ያን ጉዳይ በኪኒን የዘጋው መስሎት ነበር።

ለጉዞ ድርጅቱ ጻፍንላቸው። ክስ አይደለም። መልካም ሰዎች ናቸው፤ በሞገዱ ላይ ነፍሳችንን በአደራ ይዘው መልሰዋል። ደብዳቤውን ያረቀቀችው ሒሳብ ሠራተኛዋ ናት። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀች። ምሳውን ከዚያ ዳርቻ ወደ ደረቅ ቦታ አንሱት። በገለጻው ላይ ስለ ቢልሃርዝያ ሁለት ደቂቃ ጨምሩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። በጣም አመሰገኑን። ስለ ምሳው ቦታ ምንም አላሉም። ለሚቀጥለው ጉዟችን ግን ቅናሽ እንደሚያደርጉልን ጽፈዋል። ኢንጂነሩ ደብዳቤውን ጮክ ብሎ አነበበልንና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ አንስታ እንደገና አነበበችው። «ቅናሹ እስከ መቼ ነው የሚያገለግለው?» አለች።